የጌሙን ቻት ማን ይጠብቀው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ከጅማ የተላኩ ናቸው። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ ኦንላይን ጌም ነው። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። እዚሁ ሆኖ ጌም የሚሠራ ልጅ ሲጽፍልኝ በሁለት መስመር ማለፍ አልችልም።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አብረን ተምረን የጨረስን ሦስት ጓደኛሞች ነን። በስልክ የሚጫወቱት የዳማ ጌም ሠርተናል። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ሌላው ገብቶ ያያል። ቻትም ድምፅም አለው። መጀመሪያ የጅማ ልጆች ብቻ ነበሩ የሚገቡት። አሁን ከአጋሮ፣ ከበደሌ፣ ከአዲስ አበባም ይገባሉ።

ችግራችን ማታ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቻቱ ስድብ ብቻ ይሆናል። የእናት ስድብ አለ፣ የብሔር ስድብ አለ። ሴቶች ገብተው ነበር፣ አንድ በአንድ ጠፉ። በአንድ ሌሊት እስከ 60 ሪፖርት ይመጣል። አንዱን አይቶ ለመወሰን 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በተራ እያየን እናድራለን፣ ቀን ደግሞ ሁላችንም ሌላ ሥራ አለን። ከማስታወቂያና በቴሌብር ከሚከፈለን ላይ የሰርቨር ኪራይ ሲነሳ የሚተርፈው ለአንድ ሰው ደሞዝ አይሞላም። አንዱ ጓደኛዬ ቻቱን ዘግተን እንገላገል ይላል። ሌላው ስድብ የዳማ ቅመም ነው፣ ተዉት ይላል። ምን ይሻለናል?

*ከኪቶ*

መልስ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። መጀመሪያ ስለ ቅመም ለሚያወራው ጓደኛህ ልመልስ።

ጅማ መንደራ አካባቢ ቆርኪ ደርድረው ዳማ የሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ ብዙ አምሽቻለሁ። ተረብ የሌለበት ዳማ አይጥምም፣ እውነቱን ነው። ግን እዚያ ተራቢው ከፊት ለፊቱ ሰው ተቀምጧል። ሰውየው ሲከፋው ፊቱ ላይ ያየዋል። ነገ እዚያው ቦታ ይገናኛሉ። መስመር ካለፈ ደግሞ ከተመልካቹ አንዱ «ኧረ በቃ!» ይለዋል። እናንተ ዳማውን ወደ ስልክ ስታመጡት ተረቡ ብቻ መጣ። ፊቱ፣ ነገና «በቃ» የሚለው ሰው መንደራ ቀሩ። ጆን ሱለር የሚባል የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ2004 ይህንኑ ጽፏል። ሰው ስሙ ሳይታወቅ፣ ፊቱ ሳይታይና የሌላውን ፊት ሳያይ ሲጽፍ አፉ ይፈታል። ስለዚህ ሥራችሁ እነዚያን ሦስት ነገሮች በተቻለ መጠን ጌሙ ውስጥ መልሶ መትከል ነው። ይህ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሪፖርት ከማየት በጣም ይረክሳል።

ወደ ገንዘቡ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ሂሳብ ውስጥ አስገቡ። እነዚያ ሴቶች ሪፖርት አላደረጉም፣ ዝም ብለው ወጡ። በእኔ እምነት ትልቁ ኪሳራችሁ ይሄ ነው። የሚሰደበው ሰው ይሄዳል፣ ተሳዳቢው ይቆያል። ስትቆዩ ጌማችሁ ተሳዳቢ ብቻ የቀረበት ቤት ይሆናል፣ ያን ጊዜ ማስታወቂያ የሚሰጣችሁም አታገኙም። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። የኦቨርዎች ጌም ዳይሬክተር የነበረው ጄፍ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ ተናግሯል። የመጥፎ ባህሪ ቁጥጥር ላይ የሚያውሉት ጊዜ ለጌሙ አዲስ ነገር እንዳይሠሩ እያዘገያቸው እንደሆነ ነው ያለው። እናንተ ደግሞ ሦስት ናችሁ።

ቻቱን ዝጉት ወይስ ተዉት ለሚለው ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ፣ ተሞክሮም ታይቷል። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን የሚሠራው ራዮት ጌምስ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች የሚነጋገሩበትን ቻት አላጠፋውም። ጌሙ ሲከፈት ዝግ ሆኖ እንዲመጣ አደረገ። የፈለገ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ይከፍተዋል። ከለውጡ በፊት የነበረውንና ከለውጡ በኋላ ያለውን ሳምንት ሲያወዳድሩ መጥፎው ንግግር ከ30 በመቶ በላይ ቀነሰ። ጥሩው ንግግር ወደ 35 በመቶ ገደማ ጨመረ። በቻቱ የሚጠቀመው ሰው ብዛት ግን እንደነበረ ነው ማለት ይቻላል። አንድም ሰው አልተቀጠረም፣ አንድም አካውንት አልተዘጋም።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የተጋጣሚ ቻት ዝግ ሆኖ ይምጣ። በእሱ ፋንታ በአንድ ንክኪ የሚላኩ ዝግጁ ተረቦች አስቀምጡ። «ቆርኪህን ቁጠር»፣ «ቡና ጠጥተህ ና»፣ «እንዲህ ነው ጨዋታ!» የመሳሰሉትን። ራሳችሁ ጻፏቸው፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁኑ፣ ሞቅ ያሉ ይሁኑ። ቅመሙ አይቀርም፣ ግን ማንም የማንንም እናት አያነሳም። የድምፁን ነገር ደግሞ ጓደኛ ተባብለው ለተቀባበሉ ሰዎች ብቻ ፍቀዱ። ድምፅ ለመቆጣጠር ከሁሉ ውድ ነው። ጽሑፍን በዓይን ታየዋለህ፣ ድምፅን ግን ቁጭ ብለህ መስማት አለብህ። ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩት ፕሮግራሞች ደግሞ በእኛ ቋንቋዎች ላይ ገና ደካማ ናቸው፣ በተለይ ልጆች አማርኛና አፋን ኦሮሞ ቀላቅለው ሲጮኹ።

አሁን ወደ 60ው ሪፖርት። 60 በ4 ደቂቃ 240 ደቂቃ ነው፣ አራት ሰዓት። ግን ሪፖርት አትቁጠሩ፣ ሰው ቁጠሩ። አንዱ ሲሳደብ ተጋጣሚውም ሪፖርት ያደርገዋል፣ ሦስት ተመልካችም ያደርገዋል። ያ አራት ሪፖርት ነው፣ ጥፋቱ ግን አንድ ነው። በስም ሰብስባችሁ ስታዩት 60ው ወደ 15 ሰው ቢወርድ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚወስደው። በተሸነፈ ቁጥር ሪፖርት የሚነካም አለ። የእያንዳንዱ ሰው ሪፖርት ስንቴ እውነት ሆኖ እንደተገኘ መዝግቡ። ሁልጊዜ ልክ የሆነውን አስቀድማችሁ እዩ። ዛቻና የብሔር ስድብ ከላይ ይምጣ፣ «አንተ አታውቅም» ዓይነቱ ከታች ይቆይ። ይህን የሚሠራ ኮድ ለእናንተ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ቀጥሎ ተሳዳቢው ማን ነው? ብዙ ሰው ጥቂት ባለጌ ለቅሞ ቢያባርር የሚገላገል ይመስለዋል። ራዮት ጌምስ መረጃውን ሲያይ ያገኘው ሌላ ነው። ሁልጊዜ የሚረብሹት ተጫዋቾች 1 በመቶ ያህል ናቸው። ከጠቅላላው መጥፎ ንግግር ውስጥ የእነሱ ድርሻ ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው የሚመጣው በሌላ ቀን ደህና ከሆነ፣ ያን ቀን ከከፋው ሰው ነው። የእናንተም የሌሊት ተሳዳቢ ቀን ባጃጅ ሲነዳ ውሎ የደከመው፣ በተከታታይ ሦስቴ የተሸነፈ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህን ሰው ማባረር ደንበኛ ማጥፋት ነው። ማቀዝቀዝ ነው የሚያስፈልገው። በተከታታይ ለተሸነፈ ሰው ቻቱን ለጥቂት ደቂቃ አዘግዩበት። ከተሳደበ ደግሞ ወዲያው፣ የጻፈውን ራሱን መስመር አሳይታችሁ «በዚህ ምክንያት እስከ ነገ ቻት የለህም፣ መጫወት ግን ትችላለህ» በሉት።

«ወዲያው» የምለው በምክንያት ነው። ራዮት እ.ኤ.አ. በ2011 ትሪቡናል የሚባል አሠራር ጀምሮ ነበር። ተጫዋቾች የሌላውን ተጫዋች ቻት አንብበው ይቀጣ ወይ ይቅር ይባል ብለው ድምፅ ይሰጡ ነበር። በ2014 ቆመ። በ2015 በተካው አውቶማቲክ አሠራር ግን ማስታወቂያው ጨዋታው ካለቀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለመድረስ የታሰበ ነበር። ከሳምንት በኋላ የመጣ ቅጣት ልጁ ምን እንዳለ እንኳ አያስታውሰውም። በነገራችን ላይ፣ ተጫዋቾችን ዳኛ የማድረጉን ሐሳብ እናንተም ታስቡት ይሆናል። ለማጭበርበር ጥሩ ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ካውንተር ስትራይክ በሚባለው ጌሙ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲህ አድርጓል፣ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የተጠርጣሪውን ስም ሳያዩ ጨዋታውን አይተው ይፈርዱ ነበር። የብሔር ስድብን ግን ለተጫዋች ድምፅ አትስጡ። ፍርዱ በወገን ይከፈልና ቻቱ ላይ የነበረው ጠብ ወደ ዳኝነቱ ይገባል። እሱን እናንተው ያዙት።

ስለ ፊልተር ልንገርህ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ የስድብ ፊልተር ገዝታችሁ በትርጉም አታገናኙ። «በላሁህ»፣ «ገደልኩህ» ያለውን ሁሉ ዛቻ ነው ብሎ ይይዝላችኋል፣ በዳማ ውስጥ ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን ይባላል? የራሳችሁን ሥሩ። መጀመሪያ ፊደሉን አንድ አድርጉ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ አንድ፣ ሰና ሠ ወደ አንድ፣ አና ዐ ወደ አንድ፣ ጸና ፀ ወደ አንድ። አለዚያ የታገደውን ቃል ልጁ በሌላው ሠ ጽፎ ያልፋል። በፊደሎቹ መካከል የሚገቡትን ነጥብ፣ ክፍተትና ኮከብ አውጡ። ቃሉ ከፊቱ «የ»፣ «ለ»፣ «በ» ለጥፎ፣ ከኋላው «ህ»፣ «ሽ»፣ «ኦች» ጨምሮ እንደሚመጣ አትርሱ። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉም አሉ፣ አፋን ኦሮሞው ደግሞ በቁቤ ነው። ለሦስቱም ዝርዝር ያስፈልጋል። የአፋን ኦሮሞውን ዝርዝር ከአማርኛ አትተርጉሙት፣ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ያውጣው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የብሔር ስም ራሱን አታግዱ። አንድ ልጅ ማን እንደሆነ ስለተናገረ ብቻ መልእክቱ ከታገደበት፣ ከተሳዳቢው በላይ እናንተ ትሰድቡታላችሁ። ፊልተሩ የተጠረጠረውን ወደ ሰው ዓይን ይላከው እንጂ ሁሉንም ራሱ አይቁረጥ። ራሱ መቁረጥ ያለበት ለክርክር የማይመቹትን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው።

ማባረር ያለባችሁም ይኖራል። ግን አዲስ አካውንት በአንድ ደቂቃ በነፃ የሚከፈት ከሆነ ማባረር ዋጋ የለውም። ዶታ 2 የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2017 ደረጃ ያለውን ውድድር ለመጫወት ስልክ ቁጥር ማስመዝገብን ግዴታ ያደረገው ለዚህ ነው። እናንተም ቻት ለመክፈት የተረጋገጠ ስልክ ቁጥር ጠይቁ። እኛ አገር ሲም ካርድ በመታወቂያ ስለሚወጣ ቁጥር መቀያየር ቀላል አይደለም። መጫወቱን ግን ያለ ቁጥር ፍቀዱ፣ በእናቱ ስልክ የሚጫወት ልጅ አለ። በአይፒ አድራሻ (ስልኩ ኢንተርኔት ላይ በሚታይበት ቁጥር) ደግሞ በፍጹም አታግዱ። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሰው በአንድ አይፒ ይወጣል። አንዱን ባን አድርጌያለሁ ስትል ግማሹን መርካቶ ታግደዋለህ።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ የሚተርፈው ሥራ የሰው ነው፣ ለእሱም ክፈሉ። ሙሉ ደሞዝ አያስፈልግም። ከምሽቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አንድ ሰው ይቀመጥ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ። ሰርቨሩ የሚከፈለው በዶላር ከሆነ፣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ስንት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ከፊልተር ኪራይና ከማያስፈልግ የሰርቨር ቦታ የምታድኑትን ለዚህ ሰው አውሉት። ጓደኞችህ ግን እንቅልፍ ይተኙ።

የሕጉንም ነገር እወቁት። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማህበራዊ ሚዲያ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ዳማችሁ ማህበራዊ ሚዲያ ነው አይደለም ብላችሁ አትከራከሩ፣ 24 ሰዓትን የራሳችሁ ደንብ አድርጉት። የቻት መዝገቡን ደግሞ ለቅጣትና ለይግባኝ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አታስቀምጡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ አንብቡት።

ሲስተካከል ደግሞ ለወጡት ሴቶች መልእክት ላኩላቸው። ምን እንደቀየራችሁ ንገሯቸው። ያሳደዳቸውን ሰው ምን እንዳደረጋችሁትም ጭምር።

ጥያቄ

ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በቴሌግራም ላይ ብዙ ሺህ ሰው ያለበት የጌም ግሩፕ አድሚን ነኝ። የምሠራው በነፃ ነው። ባለቤቱ ግሩፑ ውስጥ ዩሲና ዳይመንድ (የጌም ውስጥ ገንዘብ) እየሸጠ ያተርፋል። ማታ ማታ የሚላከውን አስቀያሚ ፎቶና ዛቻ እየሰረዝኩ አመሻለሁ። አንዳንዴ ስድቡ ወደ እኔው ይዞራል፣ በውስጥ መስመርም ይጽፉልኛል። እንቅልፍ ማጣት ጀምሬአለሁ። ብተወው ግሩፑ ይበላሻል ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

*ከዩኒቨርሲቲ ግቢ*

መልስ

እህቴ፣ እኔም ለአንድ የውጭ ጌም የሌሊት ቻት ጠብቄ አውቃለሁ። የምትዪውን እንቅልፍ ማጣት አውቀዋለሁ። ይህ ድክመት አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ የሠሩ ሰዎች ባቀረቡት ክስ፣ በአእምሮ ላይ ለደረሰ ጉዳት 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሥራው ይጎዳል፣ የተመሰከረለት ነገር ነው።

በነፃ መሥራትሽም አዲስ አይደለም። ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ቻቱን ይጠብቁለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከሰሱት፣ በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር ተጠናቀቀ። ባለቤቱ ከግሩፑ ገንዘብ ካገኘ የአንቺ ሰዓት የእሱ ወጪ ነው። ይህን በግልጽ ንገሪው፦ በሰዓት ይህን ያህል፣ በቀን ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት፣ ከእኔ ጋር ሌላ አድሚን። በጽሑፍ ይሁን።

እስከዚያው ዛሬውኑ የምታደርጊው አለ። ተራ አባላት ፎቶና ቪዲዮ እንዳይልኩ ፈቃዱን ዝጊው፣ ለታወቁት ብቻ ክፈቺ። አንድ ሰው መልእክት እንዳያከታትል የሚያዘገየውን ስሎው ሞድ አብሪ፣ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ማድረግ ይቻላል። ማታ ሞቅ ሲል 1 ደቂቃ ብታደርጊው ብዙ ጠብ ሳይጀመር ይበርዳል። አድሚንነትሽን ስም አልባ አድርጊው፣ የምትጽፊው በግሩፑ ስም ይወጣል። የውስጥ መስመርሽንም ቴሌግራሙ በሚፈቅድልሽ መጠን ለማያውቁሽ ሰዎች ገድቢ። የዛቻውን ስክሪንሾት ያዢ፣ ለምታምኚውም ሰው አሳዪ። ስምሽን ወይም መኖሪያሽን ጠርቶ የዛተ ካለ ለፖሊስ አመልክቺ።

ባለቤቱ እምቢ ካለ ተዪው። ግሩፑ ቢበላሽ የሚበላሸው የእሱ ንብረት ነው። ፈተናሽ ይቀድማል።

ጥያቄ

የ13 ዓመት ልጄ የሚጫወትበት ጌም አካውንቱን ዘጋበት። ምንም አላጠፋሁም እያለ ያለቅሳል። አዲስ አካውንት የሚሸጥ ሰው አለ፣ ግዢልኝ ብሎ አስጨነቀኝ። ልግዛለት?

*እናት፣ ከሄርማታ*

መልስ

እትዬ፣ አይግዙለት። የሚሸጥ አካውንት ብዙ ጊዜ ከሌላ ልጅ የተሰረቀ ነው። ሻጩም ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ መልሶ ሊወስደው ይችላል፣ መሸጡ በራሱም በብዙ ጌሞች ደንብ ክልክል ነው።

ልጅዎን ሳይቆጡ አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ጌሙን ከየት ነው ያወረድከው? በቴሌግራም የሚዞር «ሞድ» የሚሉት የተነካካ ፋይል ጭኖ ከሆነ የተዘጋበት ለዚያ ይሆናል። ልጁ ላያውቀው ይችላል፣ ጓደኛ ጭኖለት ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ከስልኩ ያጥፉት፣ የይለፍ ቃሎቹንም ይቀይሩ። ስልኩ ላይ ቴሌብር ካለ የዚያንም ምስጢር ቁጥር ይቀይሩ።

ከዚያ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ ጌሙ ውስጥ ባለው የእርዳታ ገጽ ይግባኝ ይጻፉ። አጭርና እውነተኛ ይሁን። ጭኖም ከሆነ መጫኑን ይናገር፣ አላውቅም ነበር ይበል። መልሱ እስኪመጣ ሌላ ጌም ከፕሌይ ስቶር አውርዶ ይጫወት። የድምፅ ቻቱን ግን ለሚያውቃቸው ልጆች ብቻ ያድርጉለት።